ቬቬ፤ በወይን እርከን ሥር የተቀመጠች የሐይቅ ዳር ከተማ

ስለ ውጭ አገር ከተሞች ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የሕንፃቸው ከፍታና የሕዝባቸው ብዛት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቃት የስዊስ ከተማ ቬቬ ግን በዚህ ሚዛን ብትመዘን ቀልላ ትገኛለች፤ ነዋሪዎቿ 20 ሺሕ ያህል ብቻ ናቸውና። ይሁን እንጂ በመደርደሪያው ላይ ኒዶ ወተት ወይም ኔስካፌ አስቀምጦ የሚሸጥ ባለሱቅ ሁሉ፣ ስሟን ሰምቶ ባያውቅ እንኳ፣ ከዚች ከተማ ጋር የንግድ ዝምድና አለው፤ የኔስሌ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በዚያ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ በምን ጥበብ እንደ በለጸገች መመርመር ለአስመጪም፣ ለላኪም፣ ለቸርቻሪም የሚጠቅም መስሎ ስለታየን የተረዳነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቦታው ሁኔታ

ቬቬ የተቆረቆረችው ሌማን በሚባለው፣ ብዙ ሰው የጄኔቭ ሐይቅ እያለ በሚጠራው ውሃ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳር ነው። ሐይቁ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። የእኛ ጣና በስፋት አምስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ በጥልቀት ግን ሌማን እስከ 310 ሜትር ይወርዳል። ይህ ጥልቀት ለገበሬው ትልቅ ትርጉም አለው። ውሃው በበጋቸው ወራት የሰበሰበውን ሙቀት በብርዱ ወራት ቀስ በቀስ ስለሚመልስ፣ በዙሪያው ያለው አገር ከሌላው የስዊስ ክፍል ይልቅ ለዘብ ያለ አየር ያገኛል።

ከቬቬ ወደ ሎዛን በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ላቮ የተባለው ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች በእርከን የተሠራ የወይን እርሻ ነው። እርከኑን በ11ኛውና በ12ኛው ምዕተ ዓመት መሥራት የጀመሩት የገዳም መነኮሳት እንደ ነበሩ ይታወቃል። በ2007 ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የአገሩ ሰዎች ወይናችንን የሚያበስሉት ሦስት ፀሐዮች ናቸው ይላሉ፤ አንደኛዋ የሰማይዋ ፀሐይ፣ ሁለተኛዋ ከሐይቁ ላይ ተንጸባርቃ የምትመለሰው ብርሃን፣ ሦስተኛዋ የድንጋዩ ካብ ቀን ጠጥቶ ማታ የሚመልሰው ሙቀት ናት። 

የቁልቁለቱ ብርታት ትራክተር ስለማያስገባ፣ ከግርዛት እስከ ለቀማ አብዛኛው ሥራ በሰው እጅ ይፈጸማል። በአንዳንድ ቦታ ብቻ በአንድ ሐዲድ ላይ የምትሳብ ትንሽ ጋሪ የወይኑን ሣጥን ታመላልሳለች። ዋነኛው የወይን ዘር ሻስላ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። በጠርሙሱ ላይ ጐልቶ የሚጻፈው ስም ግን በአብዛኛው የዘሩ ሳይሆን የመንደሩ ወይም የእርሻው ቦታ ነው፤ ሴን ሳፎረን፣ ኤፔስ፣ ደዛሌ እየተባለ። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ያንዱ ስም ላንዱ አይሰጥም። ስዊሶች የወይን ጠጃቸውን አብዛኛውን ራሳቸው ስለሚጠጡት ወደ ውጭ የሚላከው ከመቶው አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው።

ሠራተኛውን የሚሸልም ማኅበር

ከቬቬ ታሪክ ለነጋዴ ሁሉ የሚበጀው ትምህርት የወይን ገበሬዎች ማኅበር ነው። የመሬቱ ባለቤት አንድ፣ ወይኑን እየገረዘና እየኮተኰተ የሚያሳድገው ሠራተኛ ደግሞ ሌላ የሆነበት እርሻ በዚያ አገር ብዙ ነበር፤ ዛሬም አለ። ማኅበሩ ዐዋቂ መርማሪዎችን ወደ እነዚህ እርሻዎች እየላከ የሠራተኛውን ሥራ ያስመረምራል፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ ይሰጠዋል። በየሦስት ዓመቱ የነጥቡ ድምር ታይቶ ብልጫ ያገኙት ይሸለማሉ። እንግዲህ የሚሸለመው ባለ መሬቱ ወይም ባለ መጋዘኑ ሳይሆን መቀሱን የያዘው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ ልማድ የተነሣ በ1797 በከተማይቱ አደባባይ ምርጥ ሠራተኞች ዘውድ ተደፍቶላቸው በዓል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ በትውልድ አንድ ጊዜ ያህል ይከበራል። ያለፉት ሦስቱ በዓሎች የተከበሩት በ1977፣ በ1999 እና በ2019 ነበር። በ2016 ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በ2019 በሐይቁ ዳር 20 ሺሕ ሰው የሚያስቀምጥ የትርኢት ስፍራ ተሠርቶ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የአካባቢው ተወላጆች ዘፈኑበት፤ ጨፈሩበት። ነገር ግን ወጪው ከገቢው በልጦ ማኅበሩ 15 ሚሊዮን ፍራንክ ያህል ከሰረ። ከዚህም የምንረዳው፣ ክብር ያለው ድግስ እንኳ ሒሳቡ አስቀድሞ ካልተጠበቀ ባለቤቱን የሚያስጨንቅ መሆኑን ነው።

ወተት፣ ቸኮሌትና ቡና

በጀርመን አገር የተወለደው መድኃኒት ቀማሚ ሄንሪ ኔስሌ ከወተት፣ ከስንዴና ከስኳር ያዘጋጀውን የሕፃናት ምግብ በቬቬ ለገበያ ያቀረበው በ1867 ነበር። በ1875 ገደማ በዚያችው ከተማ ዳንኤል ፔተር የወተት ቸኮሌትን ሠራ። የብራዚል ቡና ገዢ አጥቶ በተከማቸበት ዘመን ኩባንያው ቡናው ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ እንዲፈልግ ተጠይቆ፣ ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ በ1938 ኔስካፌን አወጣ። ስዊስ ቡና አታበቅልም፤ ካካዎም የላትም። የሌላውን አገር ፍሬ ተቀብላ፣ ጥራቱን ጠብቃ፣ በራሷ ስም ሸጠች።

ለመኖርና ለመጐብኘት

ወደ ቬቬ ለመሄድ የሚሻ መንገደኛ በጄኔቭ የአውሮፕላን ማረፊያ ካለው የባቡር ጣቢያ ተሳፍሮ፣ ሎዛንን አልፎ ሐይቁን እየተመለከተ ይደርሳል። ከሎዛን ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ሆቴል ያረፈ እንግዳ የከተማውን አውቶቡስ በነፃ የሚሳፈርበት ካርድ ይሰጠዋል። በሐይቁ ዳር ባለው ሰፊ አደባባይ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ይቆማል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜዎች ገበሬዎቹ ወይን ጠጃቸውን ለእንግዳ ያስቀምሳሉ። በሐይቁ ውስጥ የቆመው 8 ሜትር ርዝመት ያለው ሹካ ስለ ምግብ የሚያስተምረው ሙዚየም ምልክት ነው። ቻርሊ ቻፕሊን ከ1953 ጀምሮ በ1977 እስኪሞት ድረስ የኖረው በአጠገቧ ባለችው በኮርሲዬ መንደር ነበርና፣ ሐውልቱ በሐይቁ ዳር ቆሟል፤ ቤቱም ከ2016 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

ለመኖር የሚያስብ ሰው ግን ከውበቱ ጋር ወጪውንም ማስላት ይገባዋል። የቤት ኪራይ ውድ ነው፤ የጤና መድን መግባት ለነዋሪ ሁሉ ግዴታ ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ የሚሰጠው ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ነው። ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሱቆች እሑድ ዝግ ናቸው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ፀሐይና ሐይቅ እኛም አላጣንም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ወይን ተተክሎ የመጀመሪያው ጠርሙስ በ2014 ለገበያ መቅረቡን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ስምም አለን፤ መንግሥታችን ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 አመልክቶ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማምቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን ስምን የሚጠብቀው የተመዘገበበት ወረቀት ብቻ አይደለም። ይህ ጸሐፊ በአንድ የቡና ላኪ ቤት ከገዢዎች የሚመጡትን የቅሬታ ደብዳቤዎች ሲመዘግብ ብዙ ዓመት አሳልፏል። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ቃል እርጥበት፣ ያልበሰለ ፍሬ፣ የተቀላቀለ ቡና የሚል ነው። እነዚህ ጉድለቶች የሚወለዱት በለቀማውና በማድረቂያው አልጋ ላይ ነው፤ የሚታወቁት ግን ዕቃው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለዋጋ ቅናሽ ከመስማማት በቀር ሌላ መፍትሔ የለም፤ ፍሬውን ቀይ ቀዩን መርጣ የለቀመችው ሴትና አረንጓዴውን ጨምሮ የለቀመው ሰው ግን ተመሳሳይ ክፍያ ተቀብለው ሄደዋል።

የቬቬ ማኅበር ያደረገው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሚዛን የሚያውቅና የማያዳላ መርማሪ፣ የነጥብ መዝገብ፣ በየጊዜው በአደባባይ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ላኪዎቻችንና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአንድ ወረዳ እንኳ ለሙከራ ቢጀምሩት፣ የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች ሥራ ይህ ጋዜጣ ለአባሎች ሁሉ ቢያሳውቅ ደስ ይለዋል።