ተጨማሪ መረጃ፦ የደባርቅ የበጋ ብርድ

በሰሜን ጎንደር ደጋ ሌሊቱ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው ዝናብ በሚወርድበት ክረምት ሳይሆን ሰማዩ ጥርት በሚልበት በጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ጋቢው ሲገፈፍ ቀን የተከማቸው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ያመልጣል። ያን ጊዜ በአየር ውስጥ ያለው ተን ሣሩ ላይ ነጭ ቅንጣት ሆኖ ይረጋል። ይህ ውርጭ ወይም አመዳይ ይባላል፤ ከሰማይ ከሚወርደው በረዶ ጋር መምታታት የለበትም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል፤ ደባርቅ ከጎንደር ከተማ የሚበርደውም ለዚህ ነው።

ወቅቱ የገና ጨዋታም ወቅት ነው። ውርጭ የያዘ ሣር ስለሚያንሸራትት፣ ጥንጓ የምትመታው ፀሐይ ሜዳውን ካደረቀችው በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቆልማማው ዱላም ከጉልበት በላይ ባይነሣ። የከፋው አደጋ ግን ያለው ቤት ውስጥ ነው፦ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል።

ማታ በዝርግ ሳህን ጥቂት ውኃ ደጅ አሳድሩ፤ ጠዋት ያያችሁትን በደብተራችሁ መዝግቡ።