ፋይሉ ተፈታ፣ ስሙስ የት ገባ?

ዳንግላ ውስጥ ፎቶ ቤት ገብታችሁ ጉርድ ፎቶ ከተነሳችሁ ታውቁታላችሁ። ባለሙያው ፎቶውን በስማችሁ ሴቭ ያደርገዋል፤ ከዓመት በኋላ ብትመለሱ በስም ፈልጎ ያወጣላችኋል። ስሙ ከጠፋ ግን ሺህ ፊት አንድ በአንድ ማየት ነው።

ይሄን ያነሳነው በእኛም ስለደረሰ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ፊልሙም ፕሮግራሙም በፍላሽ ነበር የሚዞረው። እኛም ከፍላሽ ክራክ የሆነ ፕሮግራም ላፕቶፓችን ላይ ጫንን። በማግስቱ ፎቶውም ጽሑፉም አልከፈት አለ። 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 የሚል መልእክት ተቀምጧል። ራንሰምዌር ነው፤ ስቶፕ ዲጄቪዩ የሚባለው ዓይነት።

አሁን ወደ ስሙ። የፋይል ስም ፎቶው ውስጥ አይደለም ያለው፤ ስሙን ለብቻው መዝግቦ የሚይዘው የኮምፒውተሩ ወይም የስልኩ ሲስተም ነው። ስለዚህ ቆላፊው ይዘቱን ቆልፎ ስሙን ሊተወው ይችላል። ዲጄቪዩ እንደዚያ ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ብቻ የራሱን ኤክስቴንሽን ይቀጥላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሎኪ ግን ስሙን በዝብርቅርቅ ፊደልና ቁጥር ይተካው ነበር። የድሮው ስም ተመስጥሮ እዚያው ፋይል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ከተገኘ ስሙም አብሮ ይመለሳል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው፣ እኛም ያደረግነው፣ የተቀጠለውን ኤክስቴንሽን ማጥፋት ነው። በዚህ ምንም አይከፈትም። እንዲያውም ብዙ የመፍቻ ፕሮግራሞች የተቆለፈውን ፋይል የሚለዩት በዚያ ስለሆነ ሥራቸውን ታበላሹባቸዋላችሁ። እንዳለ ተዉት። ኮፒ አድርጉና ኮፒው ላይ ሞክሩ።

ስልክ ላይስ? የፎቶ መደበቂያ አፕ የምትጠቀሙ እዚህ ጋ ጠጋ በሉ። ብዙዎቹ አፖች ፎቶውን ስሙን ቀይረው ይደብቁትና የድሮውን ስምና ፎልደር በራሳቸው ዳታቤዝ ይይዛሉ። ስልኩ ሞላ ብላችሁ አፑን ስታጠፉት ዳታቤዙም አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ፎቶዎቹም ጭምር። መጀመሪያ አፑ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ጋለሪ መልሱ፣ መመለሳቸውን አይታችሁ ከዚያ አጥፉ።

ይዘቱ ተፈትቶ ስሙ ካልተመለሰም ተስፋ አለ። በስልክ ወይም በካሜራ የተነሳ ፎቶ ብዙውን ጊዜ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ውስጡ ይይዛል፤ በዚያ መደርደር ይቻላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ከሆነ ግን ይሄ መረጃ ይጠፋል፤ ለማስቀመጥ ከሆነ ሁሌ "ፋይል" አድርጋችሁ ላኩት።

ለዲጄቪዩ ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ መፍቻ አለው። ለሌሎች ዓይነቶች ደግሞ የአውሮፓ ፖሊስ ያለበትን ኖ ሞር ራንሰምን ፈልጉ፤ እሱም ነፃ ነው። "እከፍትልሃለሁ" ብሎ ቀብድ የሚጠይቃችሁን ግን እለፉት። መፍቻው ሁሉንም አይፈታም፤ ቫይረሱ ሲቆልፍ ከኢንተርኔት ቁልፍ አምጥቶ ከሆነ፣ በተለይ በአዲሶቹ ዓይነቶች፣ አይሠራም።

የእኛው እንደዚያ ስለሆነ እስካሁን አልተፈታም። ስሞቹ ግን አሉ። ዝርዝሩን እያየን ማን ጋ ምን እንዳለ አስታውሰን፣ ግማሽ የሚሆነውን ከጓደኞቻችን ስልክ ለቅመናል። የተቆለፈውንም አላጠፋነውም፤ ቁልፉ አንድ ቀን ከወጣ ብለን ፍላሽ ላይ አስቀምጠነዋል።