የጥንት የሐረር ቤት ከመታደሱ አስቀድሞ ስለሚደረግ ዝግጅት

የጥንት ቤት እድሳት የሚጀምረው ግንበኛው መዶሻውን ከማንሳቱ አስቀድሞ ነው። ቤቱ በምን ሥርዓት እንደተሠራ፣ ሰው እንዴት እንደኖረበት፣ የተጎዳውም በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይመረመር የተጀመረ ሥራ፣ በበጎ ፈቃድ የተሠራ ቢሆን እንኳ፣ ከብዙ ዘመን ዝናብ ይልቅ ሊያፈርስ ይችላል። ለዚህ ነገር በሐረር ጁገል ውስጥ የሚገኘው፣ በሐረሪዎች ቋንቋ ጌይ ጋር የሚባለው ቤት ግልጥ ምሳሌ ይሆናል።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ከመስጊዶቹና ከግንቡ ጋር ልዩ ተብሎ የተመሰከረለት የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነበር። እንግዲህ የቤቱ ዋና ክብር ከውጭ በሚታየው ድንጋይ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጥ ባለው ሥርዓት ላይ ነው። በጊድር ጋር፣ ማለት በታላቁ ክፍል ውስጥ፣ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታና የተከበረው እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፤ ጊድር ነደባ ታላቁ፣ ጢት ነደባ ታናሹ፣ ሱትሪ ነደባ ስውሩ መደብ ናቸው፤ አምስተኛውም ከበሩ ኋላ ያለው ነው። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች የቤቱን መጻሕፍትና ዕቃ ይይዛሉ፤ ሴቶች የሰፉት ሙዳይና ሰፌድም ግድግዳውን ይሸፍናል። ከታላቁ ክፍል ጎን ክርታት የሚባለው ትንሽ ክፍልና ዴራ የሚባለው ጎተራ ይገኛሉ።

ከዚህ የተነሣ የእድሳት ዕቅድ የመጀመሪያ ሥራ መለካትና መጻፍ ነው። የክፍሎቹ ርዝመትና ወርድ ብቻ አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ነደባ ከፍታ፣ የማስቀመጫዎቹ ቍጥርና ስፍራ፣ በጣራው ላይ የተደረደረው የጥድ እንጨት አቀማመጥ፣ የበሩም ቅርጽ በሥዕልና በፎቶግራፍ ሊመዘገብ ይገባዋል። አንድ ነደባ ለወለል ምቾት ሲባል በአንድ ክንድ ዝቅ ቢደረግ፣ የጠፋው ጭቃና ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌው ከወጣቱ፣ እንግዳው ከቤተ ሰቡ የሚለይበት ደረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መለኪያ የያዘው ሰው አረጋውያኑን እየጠየቀ፣ ማን በየት ይቀመጥ እንደነበር አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ሥራ የጉዳቱን ምክንያት መፈለግ ነው። የጥንቱ ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ሆኖ በኖራ የተለቀለቀ ነው፤ ጣራውም ተቀራርቦ በተደረደረ እንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ነው። እንደዚህ ያለ ቤት ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። የጣራው አፈር ሲሰነጠቅ ወይም አሸንዳው ሲደፈን ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የእንጨቱ ጫፍም ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። ደግሞም ያፈሰሰውን ለመድፈን በየጊዜው አፈር ሲጨመርበት የጣራው ክብደት ስለሚበዛ እንጨቱ ይጎብጣል። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ የታየ እንደሆነ፣ በስንጥቁ ላይ ቀጭን የጀሶ ልጥፍ አድርጎ ቀኑን መጻፍ ይጠቅማል፤ ልጥፉ ከተሰበረ ግድግዳው ገና በመንቀሳቀስ ላይ ነው፤ ሳይሰበር ከቆየ ግን ጉዳቱ የቆየ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ስንጥቁን መለሰን በሽታውን ትቶ ቁስሉን እንደ መሸፈን ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ጭቃውን ያጸናዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን የጭቃ ግድግዳ ከመሬትና ከዝናብ የሚስበውን እርጥበት በጭቃና በኖራ ልስን በኩል ቀስ በቀስ ሲያስወጣ የኖረ ነው። በሲሚንቶ በተሸፈነ ጊዜ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይታሰራል፤ ጭቃው ይላላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልስኑ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ዕቅዱ የሚሠራበትን ዕቃ ከቀድሞው ዕቃ ባሕርይ ጋር የሚስማማ አድርጎ መምረጥ አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ ቤቱ ወደ የትኛው ዘመን ይመለስ የሚለው ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ቃላ የሚባል ፎቅ በኋላ ዘመን ተጨምሮባቸዋል፤ ከሕንድ ነጋዴዎች ጋር የመጣው የእንጨት ሰገነትም በከተማው ይታያል። በኋላ የመጣውን ሁሉ ነቅሎ የመጀመሪያውን መልክ መፈለግ ትክክል የሚመስለው ሰው የወለሉንና የነደባውን ቀይ አፈር ያስብ። በሐረሪዎች ዘንድ እንደሚነገረው ይህ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ የተቀባ ነው። ቤቱ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ቢሆን፣ ቀለሙን «በኋላ የመጣ ነው» ብሎ ማጥፋት የአንድ ሕዝብን የሐዘን መታሰቢያ ማጥፋት ይሆናል። በ1956 ዓ.ም. በቬኒስ የተጻፈው የጥንታዊ ሕንጻዎች ቻርተርም የየዘመኑ ሥራ እንዲከበር፣ ግምት በሚጀምርበትም ስፍራ እድሳቱ እንዲቆም ያዛል።

ይሁን እንጂ ቤቱ መኖሪያ ነው። ባለቤቱ መብራት፣ ውሃና መጸዳጃ ይሻል፤ ይህንንም የሚነፍግ ዕቅድ ቤተ ሰቡን ወደ አዲስ ሰፈር ይሰደዋል፤ ሰው የተለየው የጭቃ ቤትም ጣራውን የሚጠግንለት ስለሌለ ዕድሜው ያጥራል። እንግዲህ የውሃ ቧንቧ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ እንዳይቀበር፣ መጸዳጃና ማድ ቤትም በግቢው በኩል ወይም በኋላ በተሠራው ክፍል እንዲሆኑ፣ የመብራቱም ሽቦ ማስቀመጫዎቹን ሳይነካ እንዲያልፍ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል ይወጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ለማደስ የባለሥልጣኑን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘትን ግዴታ አድርጓል፤ ልኩና ሥዕሉም ለዚሁ ያገለግላሉ። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ለጣራውና ለውሃ መውረጃው ይቅደም፤ ቀጥሎ ግድግዳው፣ በመጨረሻም ልስኑና ቀለሙ ይሠራሉ። ጣራ የሚከፈተው ዝናብ በሌለበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ቤተ ሰቡም ፈጽሞ እንዳይፈናቀል ሥራው በየክፍሉ ይከፈል።

በመጨረሻም ዕቅዱ እድሳቱ ካለቀ በኋላ ያለውንም ዘመን ሊያስብ ይገባዋል። ጣራውን በየዓመቱ መደልደል፣ ግድግዳውን ኖራ መቀባት፣ አሸንዳውን መጥረግ የጥንቱን ቤት እስከ ዛሬ ያደረሱ ሥራዎች ናቸው። ይህን የሚያውቁ አናጢዎችና ግንበኞች በየጊዜው እየቀነሱ ከሄዱ፣ ሥዕሉ በመዝገብ ቢቀመጥም እንኳ እጅ ይታጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እድሳት ከአንድ አዋቂ ባለሙያ ጎን አንድ ወጣት ደቀ መዝሙር ቢመደብ፣ ቤቱ ከነጠጋኙ ለሚመጣው ትውልድ ይተላለፋል።