ስትራይከር ኳስ ሲያቆም

የእንግሊዝን ሊግ ለሚከታተል ሰው «ስትራይከር» ማለት ጎል አግቢ ነው። እዚያው እንግሊዝ ፋብሪካ በር ላይ ግን ሥራ ያቆመ አድመኛ ማለት ነው። «ስትራይክ» ይህን ትርጉም ያገኘው እ.ኤ.አ በ1768 የለንደን መርከበኞች ሸራቸውን አውርደው መርከቦቹን ባስቆሙ ጊዜ ነው። መቼም የእኛም ሰው አድማ «ይመታል» ይባላል።

ኳሱም ከዚህ አላመለጠም። እስከ 1961 እ.ኤ.አ ድረስ የእንግሊዝ ሊግ ተጫዋች ምንም ጎበዝ ቢሆን ደመወዙ በሳምንት ከ20 ፓውንድ አያልፍም ነበር። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማህበር አድማ እንመታለን ብሎ ሲያስፈራራ ጣሪያው ተነሳ፤ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስም 100 ፓውንድ ተቆረጠለት።

አሠሪው በሩን ሲዘጋ ደግሞ «ሎክአውት» ይባላል፤ በእኛ አዋጅ «ሥራ መዝጋት» የሚባለው ማለት ነው። የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ የ2004/05 የውድድር ዘመን በሙሉ በዚሁ ውሃ በላው።

«ቦይኮት»ስ? የሰው ስም ነው። በ1880 እ.ኤ.አ አየርላንድ ውስጥ ካፒቴን ቦይኮት ጭሰኞችን ሊያፈናቅል ቢነሳ መንደሩ አደመበት፤ አዝመራውን የሚሰበስብለት እንኳ አጣ።

ይህኛው ቃል የእኛም ነው። ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ሲነፍግ ይድነቃቸው ተሰማና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ማጣሪያውን ጥለው ወጡ። ፊፋ እጁን ሰጠ። በ1970 ሜክሲኮ ላይ የአፍሪካን ቦታ ይዛ የተሰለፈችው ሞሮኮ፣ ከ1934ቷ ግብፅ በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች።