የፊት ጎማን በቱንቢና በውሃ ልክ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና መሪው ቀኝ ግራ ሲል ይውላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገደሉን ጠርቦ ባወጣው ጥምዝምዝ መንገድ የድንጋዩ ምት የሚያርፈው የፊት ጎማዎች ላይ ነው። ከዚያ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። አላይመንቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ግን ግቢዎ ውስጥ ሊለኩት ይችላሉ፤ የሚበቃው የግንበኛ ዕቃ ነው።

አላይመንት ሦስት ልኮች አሉት። ቶ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት መጠጋጋታቸውን ወይም መራራቃቸውን ያሳያል። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ከጎን ሲታይ መጋደሉ ሲሆን፣ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ የሚመለሰው በእሱ ነው።

ጎማን ቶሎ የሚጨርሰው ቶ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ኮብልስቶን ላይ አይሆንም፤ ደልዳላ ሲሚንቶ ይፈልጉ። የጎማዎቹን አየር እኩል ያድርጉ። በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅዎ ይነቅንቁ፤ ቴስቲናው (የመሪ ዘንጉ መገጣጠሚያ) የላላ ከሆነ መጀመሪያ ይቀየር፣ አለዚያ ልኬቱ ከንቱ ነው። ጎማውን እያሽከረከሩ፣ ሳይነቃነቅ በተያዘ የምስማር ጫፍ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ያስምሩበት። ሌላውንም እንዲሁ። መኪናውን አውርደው መሪውን ቀጥ ያድርጉና ጥቂት ሜትር ወደፊት ብቻ ይግፉት፤ ወደኋላ ከተገፋ የመሪው ክፍተቶች ቦታ ይቀይራሉ። አሁን በጎማው መሃል ከፍታ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ከመስመሮቹ ላይ ቱንቢ ወደ መሬት ይልቀቁና ነጥቦቹን በሜትር ይለኩ። የፊቱ ርቀት ካነሰ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ያያሉ። የሚፈለገው ልዩነት በመኪናው መመሪያ ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ነው።

ለካምበር ውሃ ልክን ቀጥ አድርገው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ያቁሙ። በ400 ሚሊሜትር ቁመት ላይ 7 ሚሊሜትር ክፍተት 1 ዲግሪ ነው። ለካስተር ጎማውን ወደ ሁለቱም በኩል 20 ዲግሪ አጥፈው ካምበሩን ይለኩ፤ ልዩነቱን በ1.5 ያባዙት።

እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪኖች የፊት አክስላቸው ወጥ ነውና በተለመደው ጥገና የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው። በሌሎቹም የመሪ ዘንጎቹን በሁለቱም ወገን እኩል እያዞሩ ቶን ማስተካከል ይቻላል። ካምበር ወይም ካስተር ተዛብቶ ካገኙት ግን የጎበጠ ወይም ያለቀ ዕቃ ሊኖር ይችላልና፣ ሳይነኩት ለመካኒክ ያሳዩት።