ንጹሕ ማር ፍለጋ ከግቫት ጺዮን

ማር ስንገዛ ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው መፈተኛ አለን። ጠብታውን ውሃ ውስጥ እንጥላለን፤ ክብሪት ነክረን እንጭራለን፤ የረጋ ከሆነ ደግሞ «ስኳር ነው» ብለን እንተወዋለን። ፈተናው ግን አያስተማምንም። ወፍራም የስኳር ሽሮፕም እንደ ማር ሳይበተን ይሰጥማል። መርጋትም የማር ጠባይ ነው፤ ግሉኮስ የበዛበት ቶሎ ይረጋል። የምንኮራበት የትግራይ ነጭ ማርስ ረግቶ በማንኪያ የሚቆረስ አይደለም? ስኳር የተቀላቀለበትን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው፤ የሩዝ ሽሮፕ ሲሆን እሱም ይቸገራል።

ስለዚህ የገዢ ዋና መተማመኛ ማሩ ከማን ቀፎ፣ ከምን አበባ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ ማወቅ ነው። በዚህ ረገድ በአሽቀሎን ከተማ የግቫት ጺዮን ሰፈር ነዋሪ ዕድለኛ ነው።

ከአሽቀሎን በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ያድ ሞርዴኻይ የተባለው ኪቡጽ ይገኛል። ከፖላንድ የመጡ ወጣቶች የመሠረቱት ሲሆን ንብ ማነብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936፣ ገና ናታንያ አጠገብ ሳለ ነው። በ1943 ወደ ደቡብ ሲዛወር የዋርሶ ጌቶ አመፅ መሪ የነበረውን የሞርዴኻይ አኒዬሌቪችን ስም ያዘ። ዛሬ ስሙ በየሱፐሩ የማር ጠርሙስ ላይ ይነበባል።

በዚህ የባሕር ዳርቻ ሜዳ በመጋቢትና በሚያዝያ ብርቱካኑና ሎሚው ያብባል። ማሩ ፈዘዝ ያለ ነው፤ የአበባው መዓዛ አይለቀውም። የባሕር ዛፍ ማር ግን ጠቆር ይላል። ባሕር ዛፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ኢትዮጵያም ወደ እስራኤልም የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አገር ቤት አደይ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ማር እንደሚቆረጠው ሁሉ፣ የዚህም ማር ወራቱን ይዞ ይመጣል።

ንቧ ከአበባ የቀሰመችውን ጣፋጭ ውሃ በክንፏ እያራገበች ታደርቃለች፤ ሲደርስ በሰም ትከድነዋለች። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ በማር ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውሃ ስለሚበዛበት ይቦካል። ጥሩ አናቢ የሚታወቀው እዚህ ላይ በመታገሡ ነው።

የንብ ማነብ ሙያ በእስራኤል ምድር ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተገለጠው፣ ቴል ረሖቭ በተባለ ጥንታዊ ስፍራ የተካሄደው ቁፋሮ፣ በፕሮፌሰር አሚሃይ ማዛር መሪነት፣ 3,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው 30 ያህል ቀፎዎች አስገኝቷል። ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ፣ እንደ ቧንቧ የተድበለበሉ ናቸው። አባቶቻችን በጭቃና በእበት ለቅልቀው ከዛፍ የሚሰቅሉትን ቀፎ ያየ ሰው አይቶ አይደነግጥም።

እንግዲህ ማሩን ከመፈተን በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ እናንብብ። ሲላን ከሆነ የተምር ሽሮፕ እንጂ የንብ ማር አይደለም። የመጣበት አገር፣ የአበባው ዓይነትና የአምራቹ ስም ካልተጻፈበት እንለፈው። ከአናቢ ስንገዛ ደግሞ መቼ እንደቆረጠው፣ ቀፎዎቹንም የት እንዳኖረ እንጠይቅ። የራሱን ማር የሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም።