ኩበርኔቲስ፦ ሦስት ኮምፒውተሮችን እንደ አንድ ማሠራት

የሒሳብ መለማመጃ ጥያቄ የሚያቀርበው ፕሮግራማችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተጭኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያ ኮምፒውተር በፈተናው ዋዜማ ቀጥ ሲል ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ቀረን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ኩበርኔቲስን ለመሞከር የተነሣነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለመሆኑ ኩበርኔቲስ ምንድን ነው? ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የመርከብ መሪ ማለት ነው። ጉግል የተባለው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሲሆን ማንም በነፃ ይጠቀምበታል። ሥራው፣ ከሚያስፈልጋቸው ነገር ሁሉ ጋር በአንድነት የታሸጉ ፕሮግራሞችን (ኮንቴይነር ይባላሉ) በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ መደልደልና መጠበቅ ነው።

በትምህርት ቤት እንመስለው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ድልድል ለጥፏል። አንድ መምህር ቢታመም ድልድሉን አይቶ ሌላ ይልካል እንጂ ክፍሉ ባዶ አይሆንም። ኩበርኔቲስንም ቢሆን «ይኸን ሥራ፣ ቀጥሎ ያንን» አንለውም። «የዚህ ፕሮግራም ሦስት ቅጂ ሁልጊዜ ይሥራ» ብለን በጽሑፍ እንሰጠዋለን፤ እሱ የተጻፈውንና ያለውን እያስተያየ የጎደለውን ይሞላል።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ሊኑክስ የተጫነባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ያዝን፤ አንዱ ተቆጣጣሪ፣ ሁለቱ ሠራተኛ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ 2 ሲፒዩ ያስፈልገዋል። በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚቀበለው ኩብሌት ነው። እሱ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ አልነሣ አለን! ለካስ ስዋፕን፣ ይኸውም ሜሞሪ ሲጠብ ዲስክን በምትኩ መጠቀምን፣ አልዘጋንም ኖሯል። ከዚያ በተቆጣጣሪው ላይ «ኩብአድም ኢኒት» ስንል ሠራተኞቹ የሚገቡበትን ቁልፍ ሰጠን። ቁልፉ የሚያገለግለው ለ24 ሰዓት ብቻ ስለሆነ በማግስቱ እንጨርሳለን ብላችሁ አትሂዱ። ሠራተኞቹ ከገቡም በኋላ «ዝግጁ አይደለሁም» ይላሉ፤ ፍላኔል የተባለውን የኔትዎርክ ማገናኛ ስንጭን ዝግጁ ሆኑ።

ቀጥሎ ፈተንነው። ጓደኞቻችን ጥያቄ ሠርተው እንደጨረሱ የአንዱን ሠራተኛ ኮምፒውተር ገመድ ነቀልን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ምንም የለም። አንደኛው ጓደኛችን ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል፣ 5 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ የጎደለው ቅጂ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ተነሣ። የሚዘገየው ኔትዎርክ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው፤ እስከዚያው የተረፉት ቅጂዎች ያስተናግዳሉ።

ምን ዋጋ አለው! በጠፋው ቅጂ የሠሩት የ9 ሰዎች ውጤት የለም። ገመዱን ብንመልሰውም አሮጌው ቅጂ ከነውጤቱ ተሰርዟል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ውጤቱን ኮንቴይነሩ ውስጥ እንዲጻፍ አድርገን ነበርና። ተተኪው መምህር ወደ ክፍል ሲገባ ሮስተሩ በታመመው መምህር ቦርሳ ውስጥ እንደ ቀረ ቁጠሩት። ሮስተር መቀመጥ ያለበት ቢሮ ነው፤ የፕሮግራምም ውጤት ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቋሚ ማከማቻ በሚባለው ቦታ መጻፍ አለበት። አሁን እንደዚያ አድርገነዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ተቆጣጣሪያችን አንድ ብቻ ነው። እሱ ቢቆም የተነሡት ቅጂዎች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ የወደቀውን የሚተካ ግን የለም። ለዚያ ሦስት ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፤ ውሳኔው በአብላጫ ስለሆነ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይበቃሉ። ኮምፒውተር እስኪገኝ በዚሁ እንቆያለን። ዘጠኙ ጓደኞቻችን ጥያቄውን እንደገና እንዲሠሩ ለምነናቸዋል፤ ሰባቱ ሠርተዋል፣ ሁለቱ ግን እስካሁን እንዳኮረፉን ናቸው።